ሩድራ ቪናን ቁጭ ብዬ የሰማሁበት ክረምት

ህንድ ፑኔ ከተማ ውስጥ ሀምሌ ማለት ዝናብ ነው። የኛን ክረምት ያየ ሰው እንኳን ይገርመዋል፣ ለቀናት ሳያባራ ይዘንባል፣ ልብስ አይደርቅም፣ ዳቦ በነጋታው ይሻግታል፣ ግድግዳው ሁሉ ያልበዋል። ማስተርሴን ልማር ሄጄ ሁለተኛ አመቴ ላይ ነኝ፣ አንድ ቅዳሜ ማታ አብሮኝ የሚኖረው ልጅ «አስተማሪዬ ቤታቸው ቪና ይጫወታሉ፣ ትመጣለህ?» አለኝ። ቪና ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የህንድ ሙዚቃ ሲባል ልጅ ሆነን ያየናቸው ፊልሞች ውስጥ ያሉትን ዘፈኖች አውቃለሁ፣ ሲታር የሚባለውን ባለአውታር መሳሪያም በስሙ አውቃለሁ፣ በቃ። እሺ ብዬ ሄድኩ።

ሶስተኛ ፎቅ ላይ ያለች ሳሎን ናት። ወለሉ ላይ ነጭ አንሶላ ተነጥፏል፣ ጫማ በር ላይ ወልቋል፣ አስራ አምስት የምንሆን ሰዎች መሬት ላይ ተቀምጠናል፣ ከውጪ የዝናቡ ድምፅ ይሰማል። ጉሩጂ (ሁሉም እንደዛ ነው የሚሏቸው፣ እኔም ከዛን ቀን ጀምሮ እንደዛ ነው የምላቸው) ነጭ ኩርታ ለብሰው ከግድግዳው ጋ ተቀምጠዋል፣ ፊት ለፊታቸው ደግሞ በህይወቴ አይቼው የማላውቀው ነገር አለ። ረጅም ወፍራም የእንጨት ቧንቧ፣ ከስሩ ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ቅሎች። ቅል ስላችሁ እውነተኛውን ቅል ነው፣ እኛ ጋ ወተት የሚናጥበትን አይነት፣ ግን እያንዳንዱ እቅፍ የሚሞላ። አንዱ ጫፍ ላይ ደግሞ ከእንጨት የተቀረፀ የፒኮክ ጭንቅላት አለው። ይሄ ነው ሩድራ ቪና የሚባለው።

መቃኘት ጀመሩ። አንዱን አውታር ነካ ያደርጉና ጆሯቸውን ወደ ቅሉ ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ፣ መቃኛውን በጣም በትንሹ ያዞሩታል፣ እንደገና ይነካሉ፣ እንደገና ይጠብቃሉ። ከኋላቸው አንዲት ልጅ ታንፑራ ይዛለች፣ ባለአራት አውታር ነው፣ ዜማ አይጫወትም፣ ያንኑ አራት አውታር ከመጀመሪያ እስከመጨረሻ እየደጋገመ ሜዳውን ይይዝላቸዋል። ሃያ ደቂቃ አለፈ። እኔ ሰአቴን አየሁ፣ ከኔ በስተቀር ማንም አላየም። አንድ ሽማግሌ አይናቸውን ጨፍነው ጭንቅላታቸውን ይነቀንቃሉ፣ ለመቃኘቱ ማለት ነው፣ ሙዚቃው ገና አልተጀመረም እኮ።

ከዛ ጀመሩ። አንድ ድምፅ። ወፍራም ነው፣ ዝቅ ያለ ነው፣ ከመሳሪያው የወጣ አልመሰለኝም፣ ከተቀመጥኩበት ወለል ስር ነው የመጣብኝ። መቱት፣ ቀኝ እጃቸውን አነሱ፣ እና ድምፁ አላለቀም። ድምፁ ሊጠፋ ነው ስል ግራ እጃቸው አውታሩን ወደ ጎን መሳብ ጀመረች፣ ቀስ ብላ፣ እና ያ አንድ ጊዜ ብቻ የተመታ ድምፅ ከፍ አለ፣ ትንሽ ቆመ፣ ሌላ ቦታ ደረሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተመልሶ ወረደ። አንድ ምት ነው፣ በአንድ ምት ውስጥ አራት አምስት ድምፅ ሄደው ተመለሱ። ሁለተኛ አልመቱም። ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ዝናቡ ብቻ እስኪሰማ ጠበቁ።

ይሄ መሳብ ሚንድ ይባላል። በኋላ ሲገባኝ የሩድራ ቪና ጉዳይ ጠቅላላው እዚህ ጋ ነው። ጊታር ሲመታ የምንሰማው ምቱን ነው፣ ክራርም ሲገረፍ ደስ የሚለው ፍጥነቱ ነው፣ ቪና ግን ምቱ ድምፁን ለመቀስቀስ ብቻ ነው የሚያገለግለው፣ ቁምነገሩ ከምቱ በኋላ ያለው ነው፣ ድምፁ እየሳሳ በሚሄድበት ሰአት። ጉሩጂ ራሳቸው አንድ ቀን ጣታቸውን አሳዩኝ፣ የግራ እጃቸው ጠቋሚና መሀል ጣት ጫፍ ላይ አውታሩ የሰራው ጥቁር ቦይ አለ፣ ጥልቅ ነው፣ እንደ ተወጋ ጠባሳ ሳይሆን እንደ ተቀረፀ ነገር። ሁልጊዜ አጠገባቸው ትንሽ የቆርቆሮ ብልቃጥ አለች፣ ውስጧ ዘይት የጠጣ ጥጥ፣ ከመጫወታቸው በፊት ጣታቸውን እሷ ላይ ጫን ያደርጋሉ፣ አውታሩ ላይ እንዲንሸራተት።

ያን ማታ ግን ይሄን ሁሉ አላውቅም፣ ያን ማታ ትዝ ያለኝ ጋሼ ነው።

ጋሼ የእናቴ ወንድም ነው። ሁዳዴ ሲገባ በገናውን ከግድግዳ ያወርዳል። እራት ተበልቶ ቴሌቪዥኑ ይጠፋል፣ እሱ በርጩማ ላይ ይቀመጥና በገናውን በግራ ጎኑ አስጠግቶ መጀመሪያ ይቃኛል፣ እሱም ረጅም ጊዜ ነው የሚወስድበት፣ እኛ ልጆቹ ምንጣፉ ላይ ተጋድመን እንጠብቃለን። ያ የበገና ነዝናዛ፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ አለ አይደል፣ ፑኔ ላይ ሶስተኛ ፎቅ ሆኜ የሰማሁት እሱን ነው። ሌላ ዜማ፣ ሌላ መሳሪያ፣ ሌላ እምነት፣ ግን ያው የድምፅ ቆዳ።

ነገሩ ስሜት ብቻ አይደለም፣ አሰራሩም ነው። በገና ላይ በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መሀል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ አለች፣ እንዚራ ነው የምትባለው። የበግ አንጀቱ አውታር ሲመታ ይርገበገብና እሷን ደጋግሞ ይነካታል፣ ያ ነው ያንን እዝዝ የሚል ድምፅ የሚያመጣው። እንዚራዋን ብታወጧት በገናው ይደርቃል፣ ተራ ክር ይሆናል። ቪና ላይ ቆዳ የለም፣ እዛ ስራውን የሚሰራው ራሱ አውታሩ የተቀመጠበት ድልድይ ነው። የጊታር ድልድይ ጠርዙ ስል ነው፣ አውታሩ አንድ ነጥብ ላይ ያርፋል። የቪናው ግን ሰፊና ዝርግ ነው፣ በጣም ትንሽ፣ አይን የማያየው ጉብታ አለው፣ አውታሩ ሲርገበገብ ያንን ገፅ እየላሰ ነው የሚሄደው፣ በዛ ምክንያት ከዋናው ድምፅ በላይ ያሉት ቀጫጭኖቹ ድምፆች አንድ በአንድ ይወጣሉ። ጃዋሪ ይሉታል። ሲታርም ታንፑራም ያው አላቸው።

ጃዋሪ ማስተካከል ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጉሩጂ አንዴ ሲሰሩት ግማሽ ቀን ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጫለሁ። አውታሩን ይፈታሉ፣ ድልድዩን በደቃቅ ሞረድ ሁለቴ ሶስቴ ብቻ ያሻሉ፣ ዱቄቱን እፍ ይላሉ፣ አውታሩን መልሰው ይወጥራሉ፣ ይመታሉ፣ አይናቸውን ይጨፍናሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እንደገና ይፈታሉ። ከጠዋት ሶስት ሰአት ጀምረው ምሳ አልፏል። አንድ ሰአት ላይ፣ በነሱ ሰአት ማለቴ ነው፣ መቱት እና ፊታቸው ተለወጠ። እኔም ሰማሁት ልዩነቱን፣ ቅድም ድምፁ ይወጣና ይሞት ነበር፣ አሁን ወጥቶ ተከፈተ። ሞረዱን ወዲያው ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው አስቀመጡት፣ አንድ ጊዜ ቢጨምሩበት ይበላሻል።

ስለ መሳሪያው ትንሽ ልበል፣ የሚፈልግ ካለ። ርዝመቱ ከ1 ሜትር ከ30 እስከ ሜትር ተኩል አካባቢ ነው። ዜማ የሚጫወቱት አራት ዋና አውታሮች አሉት፣ ከነሱ ሌላ በጎን በኩል ምት ለመስጠትና ድምፅ ለመያዝ የሚነኩ ሁለት ሶስት ቀጫጭን። እንደ ጊታር ፍሬት (ቧንቧው ላይ በአግድም የተደረደሩት) አለው፣ ሃያ ምናምን፣ ግን ቁመታቸው ረጃጅም ነው፣ በድሮዎቹ ላይ በሰም ነበር የሚጣበቁት። ሩድራ የሂንዱው አምላክ የሺቫ ሌላ ስሙ ነው፣ አፈታሪኩ ሺቫ ሚስቱ ፓርቫቲ ተኝታ አይቷት ከሰውነቷ ቅርፅ ነው ይሄን መሳሪያ የሰራው ይላል። ሙዚቀኞቹ ራሳቸው ግን ቢን ነው የሚሉት፣ ተጫዋቹን ቢንካር። ዩቲዩብ ላይ ቢን ብላችሁ ከፈለጋችሁ እባብ የሚያስጨፍሩበት ዋሽንት ነው የሚመጣላችሁ፣ ስማቸው አንድ ስለሆነ፣ ሩድራ ቪና ብላችሁ ፈልጉ።

የሚጫወቱት ደግሞ ድሩፓድ የሚባለውን ነው፣ ከሰሜን ህንድ ክላሲካል ዛሬ ድረስ በህይወት ካሉት ሁሉ የቆየው። ከሌላው የሚለየው አለመቸኮሉ ነው። መጀመሪያ አላፕ አለ፣ ከበሮ የለም፣ የተቆጠረ ምት የለም፣ ራጋውን (እንደኛ ቅኝት ያለ የዜማ ስርአት ነው) ከታችኛው ድምፅ ጀምሮ አንድ በአንድ ማስተዋወቅ ነው። አንድ ሰአት ሊፈጅ ይችላል። ከዛ ጆር ይመጣል፣ የልብ ምት የመሰለ ነገር ይገባል፣ ቀጥሎ ጃላ ሲፈጥን። መጨረሻ ላይ ፓካዋጅ ይገባል፣ እንደኛ ከበሮ ሁለት ፊት ያለው፣ ተጋድሞ በሁለት እጅ የሚመታ ነው፣ ብዙ ጊዜ ባለ 12 ምት ዙር ይዘው ነው የሚሄዱት። ኮንሰርት ላይ መጥቶ ከበሮውን የሚጠብቅ ሰው አይቻለሁ፣ እኔ ግን አላፑ ላይ ነው የቀረሁት፣ አላፑ ሲያልቅ ለኔ አብዛኛው አልቋል።

እና ይሄን የመሰለ ነገር ለምን ጠፋ? ይሄ ጥያቄ ለብዙ ጊዜ አልለቀቀኝም። (አመተ ምህረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።)

አንድ ጊዜ የመሳሪያዎች ሁሉ ንጉስ ነበር። አፄ አክባር ከ1556 እስከ 1605 ሲነግሱ ቤተመንግስታቸው ውስጥ ታንሴን የሚባል ዘፋኝ ነበረ፣ ህንድ ውስጥ እስከዛሬ ሰው ሲዘፍን ስሙ ይጠራል፣ የሱ ልጅ ባል ናውባት ካን ደግሞ ቢንካር ነበር። መንሱር የተባለው ሰአሊ የሳለው ምስሉ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ፣ ኢንተርኔት ላይም ታገኙታላችሁ፣ ቆሞ ነው፣ ቪናውን ትከሻው ላይ አጋድሞ። ከዛ በኋላ ቢንካርነት በቤተሰብ የሚወረስ ሆነ፣ አባት ለልጁ፣ አጎት ለወንድሙ ልጅ። ቢንካሮቹ ለውጭ ተማሪ ቢኑን አያስተምሩም ነበር ይባላል፣ ሲታርና ሱርባሃር ነበር የሚያስተምሩት፣ ሱርባሃር ማለት ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቅ ሲታር ነው። ስለዚህ ሲታር በየከተማው ሲባዛ ቢኑ ጥቂት ቤቶች ውስጥ ተቆልፎ ቀረ። እኔ አልፈርድባቸውም፣ እንጀራቸውም ክብራቸውም እሱ ነበር። ግን አንድ ቤተሰብ ውስጥ ወራሽ ካልተገኘ ሌላ የሚያውቅ የለም ማለት ነው፣ እንዲህ ያለ እውቀት ደግሞ ሰው ሲቀበር አብሮ ነው የሚቀበረው።

ቀጥሎ ደሞዝ ከፋዩ ጠፋ። እንግሊዞች በ1947 ሲወጡ ህንድ ውስጥ ከ500 በላይ ትልልቅና ትንንሽ መሳፍንት ነበሩ፣ እያንዳንዱ ግቢ ሙዚቀኛ ያስተዳድር ነበር። ግዛቶቹ ወደ ማእከላዊው መንግስት ተጠቃለሉ፣ በ1971 ደግሞ ለመሳፍንቱ ይከፈል የነበረው አበል ራሱ ቀረ። ሙዚቀኛው ወደ ሬድዮና ወደ አዳራሽ መውጣት ነበረበት። ቢን የተሰራው ደግሞ ለአዳራሽ አይደለም፣ ድምፁ ጎልቶ አይሰማም፣ አስር ሰው ለሚቀመጥበት ክፍል የተሰራ ነገር ነው። ሲታር ብልጭ ይላል፣ ይፈጥናል፣ ያስጨበጭባል። ቢን ይሄ አልተሰጠውም።

በዚህ መሀል ነው ዚያ ሞሂዲን ዳጋር የመጣው። በ1929 ኡዳይፑር ተወለደ፣ አባቱ ዚያኡዲን ዳጋር የኡዳይፑር ማሃራና (የንጉሱ) ሙዚቀኛ ነበሩ፣ የዳጋር ቤት በድሩፓድ ዘፈን ነው የሚታወቀው። ሙስሊሞች ናቸው፣ እና የሺቫን መሳሪያ ትውልድ በትውልድ ጠብቀው ያቆዩት እነሱ ናቸው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌም ልቤ ይነካል። ዚያ ሞሂዲን የቤተሰቡን የዘፈን አላፕ፣ ያንን ሰው በትንፋሹ የሚስበውን ረጅም ድምፅ፣ በአውታር ላይ ማምጣት ፈለገ። የድሮው ቢን አልበቃውም። ከካልካታ መሳሪያ ሰሪዎች ጋር ሆኖ ቧንቧውን አወፈረው፣ ቅሎቹን አተለቃቸው፣ አውታሮቹን አከበዳቸው። መሳሪያው ሲከብድ ትከሻ ላይ መሸከሙ ስለማይመች እንደ ደቡብ ህንዱ ቪና አጋድሞ ይጫወተው ጀመር። አብዛኛው ቢንካር ጣቱ ላይ የሽቦ መምቻ ያደርጋል፣ እሱ እሱንም ተወው፣ በባዶ ጣቱ ነው የሚነካው። ቀረፃዎቹን ስትሰሙ ይገባችኋል፣ ምቱ ራሱ ልስላሴ አለው፣ ድምፁ የት እንደጀመረ አይያዝም።

አሜሪካ ሄዶ ሲያትል ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ አስተምሯል፣ በኋላ ከሙምባይ ወጣ ብላ ፓንቬል አጠገብ ባለችው ፓላስፔ ተማሪው ከመምህሩ ጋር እየኖረ የሚማርበት ጉሩኩል ሰራ። ፓላስፔ በድሮው የሙምባይ ፑኔ መንገድ ላይ ናት፣ እኔ በአውቶቡስ ስንት ጊዜ እንዳለፍኩባት ቆጥሬ አልጨርሰውም፣ ምን እንዳለባት ሳላውቅ፣ መስኮት ላይ ተደግፌ ተኝቼ። በ1990 ስልሳ አንድ አመቱ ላይ አረፈ። ልጁ ባሃውዲን ያኔ ሃያ አመቱ ነው፣ ትምህርቱን ከአጎቱ ከዘፋኙ ዚያ ፋሪዱዲን ጋር ቀጠለ፣ ዛሬ በህይወት ካሉት ቢንካሮች ስማቸው ከሚጠራው አንዱ እሱ ነው።

ሌላኛው ትልቅ ሰው አሳድ አሊ ካን ናቸው። በ1937 አልዋር ነው የተወለዱት፣ ዴልሂ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም አመታት አስተምረዋል፣ በ2008 ፓድማ ቡሻን የሚባለውን የህንድ መንግስት ትልቅ ሽልማት ተሸልመዋል፣ በ2011 አረፉ። እሳቸው በድሮው አያያዝ እንደፀኑ ነው የሄዱት፣ ተንበርክከው፣ አንዱ ቅል ግራ ትከሻቸው ላይ፣ ልክ ናውባት ካን በስእሉ ላይ እንደያዘው። ምታቸውም ሌላ ነው፣ ጉልበት አለው፣ ግልፅ ነው። ሰዎች ከሁለቱ ማን ይበልጣል ብለው ይከራከራሉ። እኔ ጠዋት ላይ አሳድ አሊን መስማት እወዳለሁ፣ ማታ ዳጋርን።

አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ፑኔ እያለሁ አንድ ትልቅ አዳራሽ ውስጥ የሩድራ ቪና ኮንሰርት አለ ተብሎ ደስ ብሎኝ ሄድኩ። ትኬቱ ለተማሪ ኪስ ቀላል አልነበረም። ድምፅ የሚቆጣጠረው ባለሙያ መሳሪያው ዝቅ ያለ መሆኑን ሲያይ ቮልዩሙን ለቀቀው፣ ቤዙንም ጨመረበት፣ እና ቪናው የሰርግ ስፒከር ሆነ፣ ያ እየሳሳ የሚሄደው የድምፁ መጨረሻ በሙሉ በአዳራሹ ማስተጋባት ተዋጠ። ተጫዋቹ ሁለት ጊዜ በእጃቸው ዝቅ አድርጉ ብለው ምልክት ሰጡ፣ ሶስተኛ ጊዜ ተዉት። አንገታቸውን ደፍተው ነው የጨረሱት። መጀመሪያ የሰሙት እዛ የሆኑ ሰዎች፣ ወጣቶች በብዛት ነበሩ፣ ሲወጡ «አሰልቺ ነው» ሲሉ ሰማኋቸው። ምን ይበሉ ታዲያ፣ ቪናውን እኮ አልሰሙትም። ይሄ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል፣ አንድን መሳሪያ ለማጥፋት መከልከል አያስፈልግም፣ እንደዚህ አድርጎ ማሰማት ይበቃል።

ደስ የሚለኝን ደግሞ ልንገራችሁ። ድሮ ለሴት የማይሰጥ መሳሪያ ነበር። ካርናታካ ውስጥ ጂዮቲ ሄግዴ የሚባሉ ሴት ይሄን አልፈው በህንድ የመጀመሪያዋ ሴት ሩድራ ቪና ተጫዋች ተብለው ነው የሚታወቁት። ካልካታ ደግሞ ማዱቫንቲ ፓል አለች፣ እሷ መጫወት ብቻ አይደለም፣ የምትጫወተውን ቪና ራሷ ነው የምትሰራው፣ ቅሉን፣ እንጨቱን፣ ጃዋሪውን። ያ የተቆለፈው ቤት በዚህ በኩል ተከፍቷል ማለት ነው።

ለመስማት የምትፈልጉ ካላችሁ ዚያ ሞሂዲን ዳጋር በተጫወተው ያማን ጀምሩ። ያማን የምሽት ራጋ ነው፣ እነሱ ለእያንዳንዱ ራጋ የቀን ሰአት አላቸው፣ ስለዚህ ፀሀይ ከገባች በኋላ አድርጉት። ሄድፎን ግድ ነው፣ የስልክ ስፒከር ያንን ዝቅተኛ ድምፅ ጭራሽ አያወጣውም። የመጀመሪያዎቹን አስር ደቂቃ ምንም አትጠብቁ፣ ዜማው መቼ ይጀምራል አትበሉ፣ ተጀምሯል። አንድ ድምፅ ተመትቶ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ በጆሯችሁ ተከተሉት፣ ይሄን ብቻ። ዘወትር በገና የሰማ ጆሮ ይሄን ለማድረግ ብዙ አይቸገርም፣ ይሄን አምኜ ነው የምላችሁ።

ለቅኝት ሰዎች አንድ ልጨምር። ቡፓሊ የሚባል ራጋ አላቸው፣ ድምፆቹን ብትቆጥሯቸው የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ናቸው፣ አንድ በአንድ። ጉንካሊ የሚባለው የጠዋት ራጋ ደግሞ የአምባሰል ድምፆች አሉት። ጉንካሊን መጀመሪያ ስሰማ ተነስቼ ቁጭ አልኩ፣ የወሎ ሰው ቢሰማው ያውቀዋል። ግን ትንሽ ቆይታችሁ ስትሰሙ አምባሰል አይደለም፣ ሌላ ቦታ ነው የሚያርፈው፣ ሌላ ድምፅ ላይ ነው የሚቆየው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድበት መንገድ ሌላ ነው። ትዝታም አምስት ድምፅ ስለተደረደረ ትዝታ አይሆንም አይደል፣ መንገዱ ነው ትዝታ የሚያደርገው። ጉሩጂ አንድ ራጋ ሲያስተምሩ ተማሪውን ስለ ስኬል አያወሩትም፣ ይሄን ድምፅ ከላይ ነው የምትደርስበት፣ ይሄኛውን አትቁምበት፣ እዚህ ስትመጣ ትንሽ አወዛውዘው፣ እንደዚህ ነው የሚሉት፣ አንድ ሀረግ ለሳምንታት።

እኔ ቪና አልተማርኩም። አጠገባቸው ተቀምጬ መስማት ነው የተማርኩት፣ ሁለት አመት ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ። ልመለስ ስል ሻይ አፍልተው ወተትና ዝንጅብል አድርገውበት «ያንተ አገር አውታር ምን ይመስላል?» አሉኝ፣ እስከዛን ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም ነበር። በገናን በቃል ልነግራቸው ሞከርኩ። አስር አውታር፣ የሚመቱት ግን ሁሉም አይደሉም፣ ቆዳዋ እንዲህ ነች እያልኩ በወረቀት ሳልኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

አዲስ አበባ ገብቼ ሁዳዴ ላይ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ስልኬን ከበገናው አጠገብ ትራስ ላይ አስቀምጬ ቀዳሁትና ላኩላቸው፣ አስራ አንድ ደቂቃ ነው። ለሁለት ቀን መልስ የለም። በሶስተኛው ቀን በቪድዮ ደወሉ፣ ሄድፎን አድርገዋል፣ ሰላምታ እንኳን ሳያስጨርሱኝ «አንዱ ቀጭን አውታር ጃዋሪው ተዘግቷል» አሉኝ፣ «ከሌሎቹ ቶሎ ይሞታል፣ ያቺ የሳልክልኝ ቆዳ ትንሽ ተንሸራትታለች መሰለኝ፣ አጎትህን ጠይቅልኝ።» አንዴ ሳይሆን ብዙ ጊዜ ነው የሰሙት፣ ስንተኛው ደቂቃ ላይ እንደሆነ ሁሉ ነገሩኝ።

ጋሼ ጋ ደውዬ ነገርኩት። ዝም አለ፣ ስልኩን ሳይዘጋ ሲነሳ ሰማሁት፣ በገናውን ሲያወርድ፣ አንዱን አውታር ሲመታ። ቆይቶ እንደገና ሲመታ። ሶስተኛው ላይ ድምፁ ተከፈተ፣ በስልክ እንኳን ይሰማል።

«እውነታቸውን ነው» አለኝ፣ «እንዚራዋ ወርዳለች። እኔ የአውታሩ እርጅና ነበር የመሰለኝ። የኚህን ሰውዬ ሙዚቃ ላክልኝ እስቲ።»

ያማንን ላኩለት።